እናቴ ከአራተኛ ፎቅ ስትወርድ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የእናቴ ጉልበት ደህና ስለነበር፣ አራተኛ ፎቅ ሲደርሰን «ነፋሻ ነው» ብላ እልል አለች። አሁን ያንን ነፋስ ስትረግም ነው የምትውለው። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ደረጃውን አትሞክረውም፤ ሊፍት እንደሆነ የለንም። ኑሮዋ በረንዳ ላይ ሆነ። ከዚያ ሆና ሰላምታ ትሰጣለች፣ ሽንኩርት ሻጭ ታስጠራለች፣ የሰው ልጅ ትቆጣለች።

አንድ እሁድ እድራችን «ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ምን እናድርግ?» ብሎ ስብሰባ ጠራ። የት? ታች፣ ግቢው ውስጥ! ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁሉ እላይ ቤታቸው ተቀምጠው፣ እግራችን ደህና የሆነው እኛ ስለ እነሱ ልንመክር። ጉድ እኮ ነው! አንዱ ስለ ደረጃ መደገፊያ ብረት ያወራል፣ ሌላው በመግቢያው ላይ ስለሚሠራ የዊልቸር መንገድ። እናቴ ከበረንዳዋ «አልሰማም፣ ጮክ በሉ!» ትላለች። በመጨረሻ እሷው ጮኸች።

«እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የዘንድሮን ግንቦት ልደታ ታች ከሰው ጋር ንፍሮ ልብላ። አምና በፌስታል አስራችሁልኝ በገመድ ስቤ ነው የበላሁት!»

አንዱ ጎረቤት፣ አስከሬን የሚያወርዱልን አራቱ ጉልበተኞች ለምን በወንበር አያወርዷትም አለ። የእድሩ ዳኛ፣ ፊታቸው የማይፈታ ጡረተኛ፣ እጃቸውን አወዛወዙ።

«እማማ፣ በደንቡ መሠረት እድር የሚሸከመው የሞተ ሰው ነው።»

«ታዲያ ሞቼ ነው ንፍሮ የምበላው?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ብረቱ እንዲገጠም ተወሰነ፤ የእናቴ ነገር ለሌላ ጊዜ ተባለ።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጠዋት አራቱ ሰዎች ዳኛውን ሳያስፈቅዱ በራችንን አንኳኩ። እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ስትጠብቅ ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ እንዳትንሸራተት በጋቢ አሰርናት። እነዚህ ሰዎች ሸክም ይዘው ደረጃ ሲወርዱ የሚያውቁት አንድ አካሄድ ብቻ ነው፤ አንገት ደፍቶ፣ ዝም ብሎ፣ ቀስ እያሉ። እናቴም ከፍርሃቷ የተነሣ ዓይኗን ጨፍና ትንፍሽ አላለችም። እኔ ከኋላ ሳቄ እንዳያመልጠኝ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ይዣለሁ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዷ ጎረቤታችን በሯን ከፍታ አየችን።

«ወይኔ! ወይኔ እናቴን!» ብላ ደረቷን መታች።

«ኧረ አልሞትኩም!» አለች እናቴ። ማን ይስማት! ለቅሶው ከእኛ ቀድሞ ወረደ። ታች ስንደርስ ንፍሮ የጣዱት ሴቶች ማማሰያቸውን ጥለው ያነባሉ። ዳኛውማ የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ ይዘው፣ በነጠላ ጫማ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሱ ሲሮጡ መጡ።

እናቴ ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አደረገች። ለቅሶው ባንዴ ተቋረጠ።

«ማን ማን እንዳለቀሰልኝ አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረች። «አንተም አልቅሰህልኛል። እንግዲህ ደንቡ ተሟልቷል። በል ድንኳኑን አምጣው፣ ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው!»

ዳኛው እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ መቆጣት ፈልገው ሳቅ ቀደማቸው። ድንኳኑ ተተከለ። እናቴ በሰው መሀል ንፍሮዋን እየዘገነች ስታወራ ሳይ የእኔ እንባ ያኔ መጣ። ደስ ብሎኝ ነው።

ሰሃኗን ሳትጨርስ ቀና ብላ ፎቆቹን አየች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ክራንቻቸውን ከበረንዳው ብረት አስደግፈው ቁልቁል ያዩናል። ከእሳቸው በላይ ሌላ በረንዳ፣ ሌላ አሮጊት።

«እኔን አግዳሚው ላይ አድርጉኝና ወንበሩን ውሰዱላቸው» አለች።

አራቱ ሰዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሡ። ወንበሩን ግን ቀድመው ያነሱት ዳኛው ነበሩ።