የተሰረዘው መዳብ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በመዳብ ላይ ፊት የሚቀርጽ ቃለ አብ ብቻ ነው። ሁለተኛ ያልተገኘለት ሙያው ስለረቀቀ እንዳይመስላችሁ፤ ፈላጊ ስለሌለው ነው። ከተማው መልኩን ማየት ሲያምረው ስልኩን ያወጣል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈጃል። መዳቡን ሰም ይቀባዋል፤ ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥላል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል። አሲዱ የሚበላው ሰም የሌለበትን መሥመር ብቻ ነው። ሰሙ ከተነሣ በኋላ በተበላው መሥመር ቀለም ይሞላና ላይ ላዩ በሻሽ ተጠርጎ፣ ርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያው ይጨመቃል።

አባቱ መሪጌታ ወልደአረጋይ አንኮበር ላይ ሠላሳ ዓመት ድጓ ያስተማሩ፣ ፎቶ ግን በጄ የማይሉ ሰው ነበሩ። ያላቸው አንድ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ነው፤ እሱንም ማኅተሙ ከአፍንጫ እስከ ቅንድብ ይዞታል። መንግሥት ሰው መሆናቸውን ሲያረጋግጥ ሰውየውን አጠፋቸው።

ልጃቸው መርፌ ይዞ ሲመጣ ግን ሳቁ።

«ይኸን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ተምረህ ብራና ፋቂ ሆነህ መጣህ?»

«መዳብ ነው አባባ። ይቀመጡልኝ።»

«ስንት ቀን?»

«እርስዎን እስኪመስል።»

«እንዲህማ ከሆነ ሥራ ነው» ብለው ክረምቱን ሙሉ ተቀመጡለት።

ሰባት ቅጂ አተመ። ከዚያ የተማረው ሕግ ትዝ አለው፤ የታሰበው ቁጥር ሲሞላ፣ ማንም ስምንተኛ እንዳያትም መዳቡ ይሰረዛል። በሹል ብረት የአባቱን ፊት ከግንባር እስከ ጉንጭ መስቀለኛ ጫረው። ጎበዝ! የፓሪስ ሥዕል ገዢ እንዳይታለል የወጣ ሕግ በአንኮበር መሪጌታ ላይ ተፈጸመ። ስምንተኛውን ማን ሊሰርቅ ኖሯል? አንደኛውን እንኳ የጠየቀ አልነበረም።

ሰባቱን አንድ መሥሪያ ቤት ለዐውደ ርእይ ወሰዳቸው። «ይመለሳሉ» ተባለ። የመሥሪያ ቤት «ይመለሳል» ምን ማለት እንደሆነ ገና ያልቀመሰ ካለ ዕድለኛ ነው። ኃላፊው ተቀየረ፤ ዕቃ ቤቱ ታደሰ፤ ሥዕሎቹ ከተሰባበረ ወንበር ጋር ተጠራርገው ወጡ። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፋ።

መሪጌታ በጥር ዐረፉ። በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ወይዘሮ አልታየች ከአንኮበር በሚኒባስ መጡ።

«መልካቸው እየጠፋኝ ነው» አሉት ገና ሳይቀመጡ። «ድምፃቸው አለኝ፤ ስጸልይ ይሰማኛል። ፊታቸው ግን… ለአርባቸው አንድ አትምልኝ።»

«ይደርስልሻል እማዬ።»

መዳቡን ከጨርቁ ፈታው። ጭረቶቹ በሁለቱም ዓይኖች ላይ አልፈው አፍንጫው ላይ ይገናኛሉ። ይኸን ለባል የሞተባት ሴት መስጠት አሳፈረው። የመዳብ ጭረት በመፋቂያ ተፍቆ፣ በለስላሳ ብረት ታሽቶ ይጠፋል። ፋቀው። ጭረቱ ከዓይኖቹ መሥመር ይልቅ ጥልቅ ነበርና እሱ ሳይጠፋ ዓይኖቹ ቀድመው ጠፉ። እጁ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ጭረቱም ጠፋ፤ በቦታው የሚያብረቀርቅ ባዶ መዳብ ቀረ።

እንደገና ሰም ቀብቶ መርፌውን አነሣ። የአባቱ የዓይን ቆብ ስንት እጥፋት ነበረው? የቀኙ ነበር ዝቅ የሚለው ወይስ የግራው? ክረምት ሙሉ ያየውን ፊት ለመዳቡ አስረክቦ እሱ ረስቶታል። የሠለጠነ እጅ ግን ባዶ ቦታ አይወድም፤ የሽማግሌ ዓይን ሣለ። የማንም ሽማግሌ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ያተመውን ወረቀት ይዞ አንኮበር ወረደ። እናቱ ደጃፍ ላይ ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩት።

«ግንባሩ የእሳቸው ነው። ጢሙም የእሳቸው ነው» አሉና አውራ ጣታቸውን ዓይኖቹ ላይ አሳረፉ። «ይኼስ የማን ነው?»

ሕጉንም፣ ጭረቱንም፣ መፋቁንም ነገራቸው።

«ታዲያ ከነጭረቱ አታትመውም ነበር?»

«ፊታቸው ተሰርዞ እንዴት ልስጥሽ?»

«አንተ ሞኝ! አርባ አምስት ዓመት በኩራዝ ጭስ ያየኋቸውን ሰው በሁለት ጭረት ሥር አጣቸዋለሁ? ሳትፍቀው በፊት ያተምካት አንዲት እንኳ የለችም?»

«የለችም፣ እማዬ።»

ወረቀቱን አልመለሱለትም፤ አልሰቀሉትምም። በአርባው ዕለት ቃለ አብ ድንኳኑ ውስጥ ከአባቱ የቀድሞ ተማሪዎች መካከል ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ እየዞረ «የመሪጌታ ዓይን እንዴት ያለ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለው አንዱ።

አጠገቡ ያለውም ራሱን ነቀነቀ። «እጅግ ደግ ሰው።»