ከፌርፋክስ እስከ ቤከርስፊልድ፤ የጋሼ ወርቁ ልጅ ስትወዳደር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ፌርፋክስ

ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ የበሩን አስፋልት በቧንቧ ውሃ ያጥባል። ጋሼ ወርቁ ቀድመውኝ ማዕዘኑ ላይ ቆመዋል። ኮትና ከረባት ለብሰው ላያቸው ሠርግ የሚሄዱ ይመስላሉ። የምንሄደው ግን የመኪና ውድድር ልናይ ነው።

ጋሼ ወርቁ በዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ መኪናቸው ተጭሮ እንኳን አያውቅም። የሃያ አራት ዓመቷ ልጃቸው ብሌን ጋርዴና ሰፈር ባለ፣ የተጋጨ መኪና በሚጠግን ጋራዥ ውስጥ ትሠራለች፤ በእረፍቷ ስቶክ ካር ትወዳደራለች። ስቶክ ካር ከውጭ ሲታይ የመንገድ መኪና ይመስላል። ውስጡ ግን ከአንድ ወንበርና ነጂውን ከሚጠብቁት ብረቶች በቀር ባዶ ነው።

ብሌን ሁለት ዓመት ሙሉ መጥተው እንዲያዩላት ለምናቸው እምቢ አሏት። ከፋሲካ ወዲህ መለመኑን ተወችው። ጋሼ ወርቁን ያስደነገጣቸው ይኼ ዝምታ ነው። ዓይናቸውን ታክመው ሐኪም ለጊዜው መንዳት ስለከለከላቸው፣ ሚድ ዊልሻየር መኪና ማቆሚያ የምሠራውን ወዳጃቸውን እኔን አድርሰኝ አሉኝ። እንደሚመጡም እንዳልነግራት አደራ ብለውኛል።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ በመንገዳችን ያለው ተራራ ላይ

ቤንዚን ለመቅዳት ቆምን። ጋሎኑ ከአምስት ዶላር አልፏል። የጭነት መኪኖች ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ከጫፉ ላይ ሆነን ስናይ የወይንና የብርቱካን እርሻው እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ጋሼ ወርቁ ሜዳውን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን አደጋ፣ እሷ ከፍላ ትገባበታለች።»

እውነት ለመናገር እኔም መኪና በክብ መንገድ ወደ ግራ ብቻ ሲዞር ማየት ምኑ ደስ እንደሚል አይገባኝም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ቤከርስፊልድ

መግቢያው ሃያ አምስት ዶላር፣ ሆት ዶግ ስምንት ዶላር። ሰዉ ጃንጥላውንና የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ከነቤተሰቡ መጥቷል። አያቶችና ሕፃናት የሚደግፉት መኪና ቁጥር ያለበት ካናቴራ ለብሰዋል። የተቃጠለ ጎማና የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። ሞተሮቹ ሲነሡ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚገባው።

ከጎናችን አንዲት ሜክሲኳዊት እናት ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። ልጇ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነው። የጋሼ ወርቁን ከረባት አይታ ፈገግ አለችና ለሁለታችንም የጆሮ መድፈኛ ሰጠችን። ለጀማሪ የምትመክረውንም ነገረችን፤ የሚመራውን መኪና ተዉት፣ የራሳችሁን አንድ መኪና ያዙና ዓይናችሁን ከሱ አታንሱ።

የብሌን መኪና አረንጓዴ ነው፤ ቁጥሩ አርባ አንድ። ከአሥራ አራተኛ ቦታ ተነሣች። እሷን ብቻ ስከተል ውድድሩ ሌላ ሆነብኝ። ለካ ነገሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትም ነው። ከፊቷ ካለው መኪና ጀርባ ተለጥፋ አምስት ዙር ትጠብቃለች፤ ሰውዬው ኩርባው ላይ ትንሽ ወደ ውጭ ሲወጣ በውስጥ በኩል ሹልክ ትላለች። ሲጀመር ያማትቡ የነበሩት ጋሼ ወርቁ አሁን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ለራሳቸው ያወራሉ።

«ቆይ… አትቸኩዪ… አሁን ግቢ።»

ገባች። ሰባተኛ ሆነች።

ሠላሳኛው ዙር ላይ አንድ ቀይ መኪና ከኋላ ነካት። አረንጓዴዋ መኪና ተሽከረከረች፤ ጭሱም ዋጣት። ጋሼ ወርቁ ተነሥተው በአንድ እጃቸው ትከሻዬን ጨመደዱት። ሜክሲኳዊቷ እናት ዳንቴሏን አስቀምጣ ሌላኛውን እጃቸውን ያዘች። ቢጫ ባንዲራ ተውለበለበ፤ ሌሎቹ ሁሉ ቀስ አሉ። ጭሱ ሲገለጥ የብሌን መኪና ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ቆማለች። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመ፤ ሁለተኛው ላይ ተነሣ። መኪናዋን አዙራ ከሁሉም ኋላ ስትሰለፍ የማያውቃት ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበላት።

ጋሼ ወርቁ ተቀመጡ፤ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። ብሌን በቀሩት ዙሮች አንድ በአንድ እየለቀመች ዘጠነኛ ወጣች።

ሰባት ሰዓት፤ መኪኖቹ የሚቆሙበት ግቢ

ተመልካች እንዲገባ ተፈቀደ። የስቶክ ካር በር አይከፈትም፤ ብሌን በመስኮት ስትወጣ አባቷን አየችና አንድ እግሯ ውስጥ እንዳለ ቀረች። ጋሼ ወርቁ ሰላም አላሏትም። መኪናውን ዞሩት፤ የተጨረማመተውን የኋላ መከላከያ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ቶሎ ትይዣለሽ» አሏት።

«እና… ሙሉውን አየኸው አባዬ?»

«ዓይኔን አላነሣሁም።»

ብሌን የራስ ቁሯን መሬት ላይ አስቀምጣ አቀፈቻቸው። ኮታቸው በጥቁር ዘይት ተበላሸ፤ አላዩትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ከእሷ ጋር እንደሚመለሱ፣ የሚነጋገሩት እንዳላቸው ነገሩኝ።

አሥር ሰዓት፤ የመመለሻ መንገድ

ብቻዬን ነዳሁ፤ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል፣ ደስ ብሎኛል። ዳገቱ ላይ የውድድር መኪናዋን በተሳቢ የጫነ ፒክአፕ ቀስ እያለ ሲወጣ አገኘሁ። ስቀድማቸው ዞር ብዬ አየሁ። ጋሼ ወርቁ መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው ኩርባ እየዞሩ ነው። ብሌን ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። ጥሩምባ ልነፋላቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ጨዋታቸውን እንዳላቋርጥ ቀስ ብዬ አለፍኳቸው።