እትዬ ሳፋ

እስቲ ያንን ከአልጋው ስር ያለ ሳፋ ተመልከቱ። በደም የራሱ ጨርቆች ተከምረውበታል፤ ያስጠላል። አዋላጇ ሃያ ዓመት ሙሉ አራስ ያራሰችውን ሁሉ ሳትቆጥር አላስጥል እያለች «እትዬ ሳፋ» የሚል ስም አትርፋለች። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ንጽሕና ወዳድ ናቸው፤ አንሶላው ከነጣ እናትየዋ የዳነች ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ ኃላፊው ከተፍ አሉ። ከወለደች ሰዓት ያልሞላት አንዲት ልጅ ግድግዳ መስላ ነጥታ ተኝታለች።

«ሴትዮ፣ ይህን ጉድ ቶሎ አንሺልኝ! እንግዳ በር ላይ ነው።»

«ይቆጠር እንጂ ጌታዬ! አራተኛው ጨርቅ እኮ ነው።»

«ደም የሌለበት ወሊድ የት አይተሻል?»

«በእርስዎ ሪፖርት ላይ ነዋ!»

ይህን እያለች የልጅቷን ሆድ ዳሰሰች። መጠንከር የነበረበት ማህፀን እንደ ሊጥ ላልቷል። እጇን ሳታነሳ እያሸች ሐኪም ጠራች። ልጅቷ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ተወጋች፤ በደም ስሯም ፈሳሽ ተሰቀለላት። ኃላፊው ግን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ነጭ ጋውናቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ሳፋውን ከእንግዶች ጋረዱ!

ደሙ ቆመ። ልጅቷም ዓይኗን ገልጣ «ልጄስ?» አለች።

እናንተ ባሎች፣ እናቶች፣ አማቶች፣ አደራችሁን! የራሰውን ጨርቅ አፍራችሁ አታሽሹ፣ ለአዋላጇ አሳዩ። አራሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ካራሰች ይሉኝታችሁን ጣሉና ጩኹ።