በበጋ ዝናብ ያጠበው ዱካ

ዛሬ ሌሊት አምቦ ውስጥ የጎረቤቴ ቤት ተሰብሮ አደረ። የሌባው ጫማ አጥሩ ሥር ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ሳየው ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ ጌዶ አጠገብ የምናርስበት በሬ ተሰረቀ። በአገሩ ልማድ ዱካው የገባበት መንደር ወይ መውጫውን ያሳያል፣ ወይ በሬውን ይተካል። ፍለጋውን የመሩት ሽማግሌው ኦቦ ቶላ ነበሩ። ኮቴው አቧራው ላይ እየታየ የገዛ ወንድማቸው በረት ደጃፍ አደረሰን። ትኩስ እበት ይሸታል። ኦቦ ቶላ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉና፣

“ከዚህ ወዲያ ዝናብ አጥቦታል” አሉ።

“የቱ ዝናብ፣ ኦቦ? በዚህ በጋ? በረቱን ያስከፍቱልኝ!” ብላ እናቴ ጮኸች።

የተከተለን ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዛሬም የሰፈሬ ሰው የሌባው ዱካ ላይ ቆሞ “ምን ይደረጋል” ይላል።

“ከላዩ ላይ ውረዱ!” ብዬ ጮህኩ።