የመጋረጃው ካባ

የያዙኝ እንጅባራ ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ በተዘጋበት ሰሞን፣ ቲያትሩ አልቆ ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ሳያበቃ። በሙጫ የተለጠፈው የጥጥ ጢም ገና ከአገጬ አልተላቀቀም ነበር። እኔን፣ በር ላይ የለጠፍነውን ፖስተርና ካባውን አንድ ፒካፕ ላይ ጭነው ዳንግላ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱን።

ካባው ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋ ነው። ጠርዙ ላይ ከፈረስ ጌጥ የተረፈ ቀይ ዘርፍ አድርገንበታል። ገበሬ የሚያንበረክክ አገረ ገዥ ሆኜ ስተውን የምለብሰው እሱን ነበር።

መርማሪው ካባውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ «ይሄ ማን ነው?» አለኝ።

«አገረ ገዥው።»

«የቱ አገረ ገዥ?»

«የድርሰቱ።»

«ታዲያ ሰው ለምን ሳቀ?»

አገጬ ላይ የቀረውን ጥጥ መላጥ ጀመርኩ።

ክፍላችን ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እርጥብ፣ አየሩ ሽንት ሽንት የሚል ነው። ከጎኔ የሚተኙት ከአዘና አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ስብሰባ ላይ «መሬቴን ለምን ወሰዳችሁት?» ብለው በመጠየቃቸው ነው የታሰሩት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሚነሱት ግድግዳ ተደግፈው ነው።

አንድ ጠዋት ሁላችንንም ግቢ አወጡን። መርማሪው ካባውን ትከሻዬ ላይ ጣለና፣ «እስቲ እንደ አዳራሹ ተውንልን» አለኝ። ወደ ሽማግሌው ዞሮም፣ «አንተ ደግሞ ገበሬው ነህ። ተንበርከክለት!»

ፖሊሶቹ ሳቁ። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን መሬት አስደግፈው ቀስ እያሉ ዝቅ ማለት ጀመሩ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። «ይተዉ አባቴ፣ አይንበርከኩ።» ካባውን አውልቄ እሳቸው ላይ ደረብኩት። «እኔ አገረ ገዥ አይደለሁም» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጀርባዬ ያውቀዋል።

ወደ ክፍል ሲመልሱኝ ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ደሜን እየጠረጉ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ቆይተው በአማርኛ፣ «ምነው ልጄ» አሉኝ። «እኔ እንደሁ ዕድሜ ልኬን ስንበረከክ የኖርኩ ነኝ። አንዴ ብጨምር ምን ነበረበት? አንተ ባልተመታህ።»

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ። ካባውን ብጠይቅ «ኤግዚቢት ነው» አሉኝ። ሽማግሌውን ወዴት እንዳዛወሯቸው የነገረኝ የለም።

ዛሬ ጥሊሊ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ወጣቶች እየመጡ ያንን ቲያትር እንደገና እንሥራው ይሉኛል። ድምፄ ተበላሽቷል እላቸዋለሁ፤ ውሸቴን ነው። ግቢው ውስጥ ከሳቁት ፖሊሶች አንዱ፣ በተያዝኩበት ዕለት ከፊት ወንበር ተነሥቶ ሲያጨበጭብልኝ የነበረ ሰው ነው። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከባጃጅ ውስጥ እጁን እያውለበለበ «አርቲስት!» ብሎ ይጠራኛል።

እኔም «አቤት» እላለሁ።