አልዘጋ ያለው መስመር

ወልድያ ውስጥ አንዳንድ ሰው «የስልክ ሐኪም» ይለኛል። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ሰው እስኪለምደውም ያልደከምኩት ድካም የለም። አንድ ቀን ይኸው ስም መርሳ ድረስ ወሰደኝ።

የደወለችልኝ መርሳ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ የምታወጣና ስልክ የምታነሳ ሴት ናት። የደወለችውም በራሷ ሞባይል ነው። «ወንድሜ፣ የክሊኒኩ ስልክ ከሥራ ሊያስባርረኝ ነው!» አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። በእኛ አገር ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ፣ ዝናቡ እንዴት ነው ሳይባል በቀጥታ ወደ ጉዳይ ከተገባ እሳት ተነስቷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት የሚኖሩት ወልድያ ነው። ወደ ክሊኒኩ በደወሉ ቁጥር መስመሩ ተይዟል። ጠዋት ተይዟል፣ ከሰዓትም ተይዟል። እሳቸውም «ይህች ልጅ ወሬዋን ስትሰልቅ ነው የምትውለው» ብለው ደመደሙ፤ በታካሚ ፊትም ተናገሩ። በቦታዋ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ እንደሆነ ከክሊኒኩ ነርስ ሰማች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ከዚህች ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። «ወላዲተ አምላክን! እኔ ስልኩን ለራሴ ነክቼው አላውቅም» እያለች ማለችልኝ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ነገ እዛው ነኝ» አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ።

በማግስቱ መርሳ ወርጄ ሳጥኑን ከፈትኩት። ሳጥኑ የምለው የስልክ ማዞሪያውን ነው፤ ከውጭ የሚገባውን መስመር ለየክፍሉ የሚያከፋፍለውን። የደወለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «እንኳን ደህና መጡ፤ ለካርድ ክፍል አንድን ይጫኑ» የሚል የተቀዳ ድምፅ ነው። ችግሩ ወዲያው ታየኝ። ደዋዩ ይህን እየሰማ ሰልችቶት ቢዘጋ፣ ሳጥኑ መዘጋቱን አያውቅም። ሰውየው ሄዶ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጠ፣ ሳጥኑ ባዶውን መስመር ይዞ እንደቆመ ነው። በዚህ መሀል ሌላ ሰው ቢደውል ተይዟል ይለዋል።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ደዋዩ ሲዘጋ መስመሩ ላይ ጧ… ጧ… የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቆይቶ እሱም ይጠፋና ጸጥ ይላል። ያንን ጧጧታ ቀድተህ፣ ለክተህ፣ ይህን ስትሰማ ዝጋ ብለህ ለሳጥኑ ታስተምረዋለህ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔና ትዕግሥት ደግሞ ተዋውቀን አናውቅም።

ደግሞስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት መራገም ነበረብኝ። «ይህን የተከለው ማን ነው? እንዲህም አድርጎ ባለሙያ አለ?» እያልኩ ወረፋ ለያዙት ታካሚዎች ንግግር አደረግሁ። ጥርሳቸውን የታመሙ አንድ አዛውንት ጉንጫቸውን ደግፈው በጥሞና አዳመጡኝ፤ ወረፋቸውን ጥለው መሄድ ስላልቻሉ ይመስለኛል። ከዚያ ጧጧታውን ቀድቼ ሞከርኩ፤ ሳጥኑ እንቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም እንቢ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሆዴ መጮህ ሲጀምር አንድ አቋራጭ ታየኝ። ሳጥኑ መስመሩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ዝምታ ከሰማ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። ሰው ከሌለ ማን ያወራል? አልኩና አዘዝኩት። በሞባይሌ ደወልኩ፣ ዘጋሁ፣ ጠበቅሁ። የመስመሩ መብራት ድርግም አለች። ተለቀቀ!

እዚያው ቆሜ ለባለቤቱ ደወልኩላቸው። «ጌታው፣ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው እንጂ የልጅቷ አይደለም፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ» አልኳቸው።

«እህ…» አሉ። «እንግዲያው ወደ ክሊኒኩ ስልክ ደውዬ ራሷን ላነጋግራት።»

ስልኩ ጮኸ። ከወንበሯ ብድግ ብላ አነሳችው። «አቤት ጋሼ» አለች። ከዚያ ቃል አልወጣትም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ ምስጋናዋን እየጠበቅሁ ጥብስ አስባለሁ። ድንገት እጀታውን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«ዘጉብኝ» አለች። «‹ስሚ ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር› አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔም እስኪናገሩ ዝም አልኩ። ከዚያ ዘጉብኝ። አለቀልኝ!»

መልሳ ደወለች፤ አላነሱም። እኔም ደወልኩ፤ ለእኔም አላነሱም። ዞር ብዬ ሳጥኑን ሳየው የመስመሩ መብራት ጠፍታለች፤ ዝም ሲባባሉ የዘጋባቸው እሱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ኧረ የኔ ነገር! ትልቅ ሰው ከባድ ነገር ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መሬት መሬት ያያል፣ ይቆያል። ታናሽም እስኪናገር ድረስ አፉን ይዞ ይጠብቃል፤ እህ እንኳ አይልም። አባቴ ውኃ አቀብለኝ ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጅበት እንደነበር እያወቅሁ፣ እዚሁ አገር ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ ለዚህ አገር ሽማግሌ ጥቂት ሰከንድ ሰጠሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሰው እንጀራ ነው።

የዝምታውን ትእዛዝ ሰርዤ ጧጧታውን ከመጀመሪያው መለካት ያዝኩ። ምሳውም ቀረ። ሳጥኑ እጅ የሰጠው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው። ገና እፎይ ሳልል ደጅ ላይ መኪና ቆመ። ባለቤቱ ከወልድያ ድረስ መጥተው ኖሯል።

«አንቺ! በእኔ ላይ ስልክ ትዘጊያለሽ?» አሉ ገና በሩን ሳያልፉ።

«እግዜር ያውቃል ጋሼ፤ እስኪናገሩ እየጠበቅሁ ነበር» አለች።

እውነቱን ለመናገር ከሳጥኑ ጀርባ መደበቅ አምሮኝ ነበር፤ ቁመቴ አልፈቀደም እንጂ። «የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ፣ ጌታው» አልኩ። «ዝም ሲሉ ሳጥኑ የሄዱ መሰለው። እንዲያ እንዲያደርግ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እሷ የለችበትም።»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ስልኩን ያስተካከልኩት…» ብዬ ጀመርኩና አፍሬ አቆምኩ። ጥርሳቸውን የታመሙት አዛውንት እንኳ ሳቁብኝ።

ባለቤቱ አልሳቁም። ወደ እሷ ዞሩ። «እኔ እኮ…» ብለው ቆሙ። መሬት አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነርሷ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታግሼ አላውቅም።

«የደወልኩት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ፊት አምቼሻለሁ፤ እንግዲህ ሰው ፊት ይሁን። በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይቅር ለእግዜር፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ተረኛውን ጠራች።