ምት የሳተው ተኩስ

የእኔ ተኩስ ምት ይጠብቃል። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ድራም ነው የምጫወተው። ታላቅ ወንድሜ ጊታሩን አንግቶ ከጎኔ ይቆማል፣ እኔ ጎማ የለበሱትን ፓዶች በዱላ እወቅራለሁ፤ እያንዳንዱ ፓድ የተጫነለትን ድምፅ ያወጣል። አንዱ ከበሮ ነው፣ አንዱ ጭብጨባ፣ አንዱ እልልታ። ዳር ላይ ያለው ደግሞ ጥይት። ቀረርቶ ሲወርድ እሱን ጓ! ሳደርገው ጎረምሳው ሁሉ ከመሬት ይነሳል።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ እኔን ለማየት ብቻ ሆቴል የሚገቡ ነበሩ። ሴት ድራም ስትመታ አይተው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ጉድ እኮ ነው! ሴት በየሰርጉ ከበሮ ስትመታ ኖራ፣ ሽቦ ሲገባበት ነው እንዴ ነውር የሚሆነው? አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምትቀጠቅጪው?” አሉኝ። “እትዬ፣ ካልደበደቡት አይዘፍንም” አልኳቸው። እውነትም እደበድበዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ፤ ዱላ የምሰብረው ለትርኢት አይደለም። ወንድሜ፣ “አንቺ ሰው እንዳትገድዪ ብሎ ነው ፈጣሪ ይሄን የሰጠሽ” እያለ ይስቅብኛል። እሱ የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ሲናደድ እንኳ ድምፁ ዝቅ ይላል። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናታችንንም እኔንም ያኖሩን የግራ እጁ ጣቶች ናቸው።

ከጀውሃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቀወት ገጠር ሰርግ ተጠራን። ተራ ሰርግ አልነበረም። ሁለት ቤተሰቦች በመስኖ ውሃ ተጣልተው የአንደኛው ልጅ የሌላኛውን ልጅ ገድሏል። ገዳዩ እስር ቤት ነው። ሽማግሌዎች ስንት ተመላልሰው፣ ደሙ በጋብቻ እንዲዘጋ የገዳዩን እህት ለሟቹ ወንድም ዳሩ። የሚወለደው ልጅ ለሁለቱም ወገን የልጅ ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማን በማን ላይ ይተኩሳል? ሐሳቡ ይህ ነው። እኔ ግን ስሰማው አንጀቴ ቅጥል አለ። ወንዶች ተጋደሉ፣ የምትከፍለው እሷ! ይህንኑ ለወንድሜ ስነግረው፣ “ዝም ብለሽ ሽቦሽን ሰኪ” አለኝ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጺማቸው በሂና የቀላ ሼህ ነበሩ። የሁለቱንም ወገን ጠብመንጃ ሰብስበው ዳሱ አጠገብ ካለው ቤታቸው ቆልፈውበታል፤ ቁልፉ ወገባቸው ላይ ነው። እኛን ጠርተው፣ “ልጆቼ፣ ዛሬ እዚህ አንድ ጥይት ከጮኸ ሁሉም የቤቴን በር ሰብሮ መሣሪያውን ያወጣል። ያኔ የምንቀብረው እንጂ የምንድረው አይኖርም” አሉን።

የሙሽራው ወገን ግን ያለ ተኩስ ፉከራ ምኑ ፉከራ ነው ብሎ አስቸገረ። ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ተነሳ። በመጨረሻ ሼሁ የእኔን ዕቃ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ “እንግዲያው ከዚህ ይጩህ። ማሽን ሰው አይገድልም፣ ኢንሻአላህ” አሉ። ማይኩንም ተቀብለው ለሕዝቡ ተናገሩ፦ “ጥይት ብትሰሙ የዚህች ልጅ ነው። ማንም እንዳይደነግጥ!”

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ዳሱ ውስጥ ያፍናል። ጄኔሬተሩ ከውጭ ያጓራል። ለእርቁ ማተሚያ ከሁለቱም ወገን አባቶቹ ጎን ለጎን ቆመው እንዲያቅራሩ ተወስኗል። የሙሽሪት አባት ወደ ማይኩ መጡ፤ ከወንድሜ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። የሙሽራው አባት ገና ከመቀመጫቸው እየተነሱ ነው። ወንድሜ ጊታሩን አስለቀሰው። አዛውንቱ “ዘራፍ!” ሲሉ ጓ! አደረግኩት። ዳሱ ተናጋ። “ዘራፍ!” ጓ!

ቀጣዩ ዱላዬ አየር ላይ እያለ ጮኸ።

ምት የሳተ ነበር። ገና ሳልመታው! የጊታሩ አንድ ክር ሲጢጥ አለና ዝም አለ። ዞር ስል የወንድሜ የግራ እጁ አንጓ ተበልቷል፤ ነጭ አጥንት አየሁ። ደሙ በጊታሩ አንገት ወርዶ ፓዶቼ ላይ ይንጠባጠባል። ዱላዬ ወረደና ደሙን ፊቴ ላይ ረጨው። ሕዝቡ ደግሞ፣ “ይደገም! ይደገም!” እያለ ያጨበጭባል። አዛውንቱ እንኳ አላወቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቅራራሉ።

ከኋላችን የዳሱ ሸራ ቀዳዳ ውስጥ የሽጉጥ አፈሙዝ ነበር። የሟቹ አጎት ልጅ ነው፤ በእርቁ አልምልም ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ሽጉጡንም ደብቆ አስቀርቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የእኔን ጩኸት ጠብቆ በእኔ ጩኸት ተጠልሎ የሙሽሪትን አባት ሊገድል! ዳግመኛ ቃታ ሳይስብ፣ ከስፒከሩ ኋላ የቆሙት ሼሁ ከነሸራው ወደ ውስጥ ጎትተው በሙሉ ገላቸው ወደቁበት። በከዘራቸው እጁን ሲሉት ቀጭ! ሲል ሰማሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ጭንቅላቱ ላይ ተቀመጡበት፣ አንዱ ጥምጣሙን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀበት። ትልቁ ስፒከር ስለጋረደው ይህን ከእኛ በቀር ያየ የለም።

ዱላዬን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ጭንቅላቱን ልፈረክሰው ነበር፤ ወላሂ እፈረክሰው ነበር። ወንድሜ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ “ተቀመጪ። ምቺ” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እጅህ! እጅህን እኮ...”

“ምቺ አልኩሽ! ካቆምሽ ያልቃሉ።”

ሼሁም መሬት ላይ እንዳሉ በዓይናቸው ይለምኑኛል። ተቀመጥኩ። መታሁ። ጥይቱን ደጋግሜ መታሁት፤ እያንዳንዱን ምት በዚያ ሰውዬ ጥርስ ላይ ነበር የማሳርፈው። ወንድሜ የግራ እጁን በሽርጥ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተውና በቀኙ ባዶውን ክር ይገርፍ ጀመር። ሽርጡ ሲጠቁር አያለሁ። ሰው ይጨፍራል። ሁሉንም ጠላኋቸው፤ የሚጨፍሩትን፣ የሚያጨበጭቡትን፣ ሼሁንም ጭምር።

ሙሽሪት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ፊቴ ላይ ያለውን ደም አየች፤ ቀጥላ ወንድሜን አየች። አልጮኸችም። በአገሩ ወግ ሙሽሪት ወንድሟ እጇን ይዞ ካላነሳት ከመቀመጫዋ አትነሳም፤ እሷ ከተነሳች ግን ሰርጉ ሁሉ አብሯት ይነሳል። ወንድሟ እስር ቤት ስለሆነ አጎት ተመድቦላት ነበር፤ እሱም ገና ከምሳው አልተነሳም። ብድግ አለች፣ ብቻዋን። ሴቶቹ “ውይ! ምን የቸኮለች ናት?” ብለው ተንሾካሾኩ፤ አንዷማ “ባል የራባት!” አለች። ልጅቷ አንገቷን ሳትደፋ ወደ መኪናው ሄደች። ሰርገኛው ተንጋግቶ ተከተላት፣ ዳሱም ባዶ ቀረ። ያኔ ወንድሜ ስፒከሩ ላይ ተደገፈና ቁልቁል ተንሸራተተ።

ባጃጅ ውስጥ አንጓውን በሁለት እጄ አንቄ ይዤዋለሁ። አስፋልቱ በከባድ መኪና ተጨናንቋል፤ አንዱ አላሳልፍ ሲለን አንድ እጄን አላቅቄ የድራም ዱላዬን በመስኮቱ ወረወርኩበት። ሸዋ ሮቢት ደርሰን አስተኙት፣ ሸሚዙን በመቀስ ቀደዱት።

“የተመታው መቼ ነው?” አለችኝ ነርሷ።

“ቀረርቶው ሲጀመር።”

“እና እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?”

“ስንጫወት” አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። ደም መላሹን ዶክተሩ እያሰረ፣ “ቶሎ ብትመጡ ኖሮ ጣቶቹ...” ብሎ ወደ መርፌው ዞረ።

ጠዋት ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያለኝ፣ “ሙሽሪት ወጣች?” ነው።

“ወጣች።”

“ሌላ የተጎዳ አለ?”

“ማንም የለም።”

“ተኩሱንስ አወቁት?”

“የእኔ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።”

ከንፈሩ ደርቆ እያለ ሳቀ። “አየሽ፣ ጥሩ መትተሻል ማለት ነው።”

“ጥፋ ከዚህ!” ብዬ ጮህኩበት፤ የት እንደሚጠፋ እንጃ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ተናድጄበት ነበር፤ ስለ ማያውቃቸው ሰዎች ብሎ እኔንና እናቴን የረሳን መሰለኝ። ደግሞም ኮርቼበት ነበር፣ ያም ያናድደኛል። ለቅሶዬ ጋብ ሲል ቀና አልኩ። በፋሻ የተጠቀለለውን ግራ እጁን አንሶላው ላይ አውጥቶ ትኩር ብሎ ያየዋል። ሁልጊዜ ዘፈን ስንጀምር ጊታሩ አንገት ላይ የሚይዛትን ቦታ ሊይዝ እየሞከረ ነበር። አውራ ጣቱ ብቻ ተንቀሳቀሰች።